ሁለተኛው አልጋ

ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። አንዱ ክፍል ውስጥ ሁለታችን እንተኛለን። ሌላው ውስጥ ማንም አይተኛም። ግን አልጋ አለው፣ አንሶላና ብርድ ልብስ አለው፣ ራስጌው ላይ የስልክ ቻርጀር ሳይቀር ተሰክቷል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የእሱ የክረምት ልብስ ተሰቅሏል፣ ኮሜዲኖው ላይ ሽቶው ተቀምጧል። ከባለ አንድ መኝታ ጋር የኪራዩ ልዩነት በወር 400 ዶላር አካባቢ ነው። እኛ "የሐሜት ግብር" ነው የምንለው። 6 ዓመት ከፍለናል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደምሬው ስናደድ ዋልኩ።

እሱ ባሌ ነው።

ይቺን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፌያት አላውቅም። በእንግሊዝኛ ስንት ጊዜ ብያታለሁ፤ ኢንሹራንስ ላይ፣ ታክስ ላይ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ። በእንግሊዝኛ እንደ ቤት አድራሻ ናት፣ ምንም አትመስልም። በአማርኛ ግን አሁን ጻፍኳት፣ አጠፋኋት፣ ደግሜ ጻፍኳት። ለሐበሻው ሁሉ እሱ ደባሌ ነው። "ደባልህ ደህና ነው?" "ደባልህ አሁንም ማታ ነው የሚሠራው?" ሮክቪል ፍርድ ቤት ነው የተጋባነው፤ ሜሪላንድ ለጋብቻ ምስክር አትጠይቅም። እሰየው፣ የምናቀርበው ሰው አልነበረንም።

ስለ ስያሜ አንድ ነገር ልበል። ስድቡን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ዜና ላይ የሚነበበውም ቃል ከስድቡ ብዙ አይርቅም። እኛ እርስ በርሳችን "ዜጋ" ነው የምንባባለው። ካፌ ውስጥ "ያ ልጅ ዜጋ ነው እንዴ?" ስንል ጎናችን የተቀመጠው ሰው ስለ ፓስፖርት የምናወራ ይመስለዋል።

ዛሬ ስለ ሃይማኖት አልከራከርም። የምጽፈው መገለል የሚባለው ነገር አንድ ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰው ላይ፣ እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ምን እንደሚሠራ ነው። ማንነታችን እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። አልጋውን ግን አልቀየርኩትም።

የዛሬ 2 ዓመት ግድም አባቴ አዲስ አበባ አረፈ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰባስቦ ጎህ ሲቀድ ይመጣል። አሜሪካም ያው ነው፣ ልዩነቱ መርዶ ነጋሪዎቹ መጀመሪያ ፓርኪንግ መፈለጋቸው ነው። እና ማታ 4 ሰዓት ላይ አንድ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ደወሉ። ለእኔ አይደለም፣ ለደባሌ። "አባቱ አርፈዋል። ነገ 12 ሰዓት ላይ እንመጣለን። እስከዚያ ስልኩን ያዝለት፣ ፌስቡክ እንዳይከፍት፣ ሥራም እንዳይሄድ አንድ ነገር ፍጠር" አሉት።

እሱ ስልኩን ዘግቶ መጥቶ አጠገቤ ተኛ። እኔ ቅዳሜና እሁድ ኡበር እሠራለሁ፤ ያን ቀን የጫንኩት አንድ ሰካራም ሰውዬ ስላደረገው ነገር እያወራሁት ነበር። ሳቀልኝ። ደግሞ ቀልዱ ደርሶ ሳይሆን ቀድሞ ነው የሳቀው፣ ያንን ያኔም ልብ ብዬዋለሁ። ስልኬን ቻርጅ ላደርግልህ ብሎ ወሰደው። እኔ ተኛሁ፣ እሱ የአባቴን ሞት ይዞ ሲገላበጥ አደረ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሲነሳ በእንቅልፍ ልቤ ተሰምቶኛል። ከወዲያኛው ክፍል የአንሶላ ድምፅ ይመጣል። ሊተኛ ሄዶ አይደለም። አልጋውን እያበላሸ ነው። ብርድ ልብሱን እስከ ግማሽ ገፎ ትራሱ መሀል ላይ ጭንቅላቱን ተጭኖ ቅርጽ ሠራለት፣ የተጋመሰ ብርጭቆ ውሃ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሰዎቹ ሲመጡ አሁን የተነሳ ወንደላጤ አልጋ እንዲያዩ። ከዚያ በሩ ሲንኳኳ ከዚያኛው ክፍል በኩል፣ ዓይኑን እያሸ፣ ወጥቶ ከፈተላቸው።

ይሄን የነገረኝ ከ7 ወር በኋላ ነው።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሞላ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። እሱ ወንበር ከእድር አመጣ፣ ቡና አፈላ፣ ዳቦ ቆረሰ፣ የሰው መኪና እንዳይነሳ የአፓርታማውን ጥበቃ ለመነ። እናቶች መረቁት። "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" አሉኝ። አንዷ አክስቴ ደግሞ እጁን ይዛ "እኔን! ይሄ ልጅ ሚስት ቢያገባ ኖሮ አንተን እንዲህ ባላደከመህ" አለችው። ለእሱ አዝና ነው፣ እውነቷን ነው። ሁለታችንም ወለሉን አየን። ከአትላንታ የመጣው የአጎቴ ልጅ ከእኔ ጋር ተኛ፣ እሱ እዚያኛው ክፍል። ሁለተኛው አልጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ የቡና ደጋፊ ነበር፣ እሱ የጊዮርጊስ። በየሳምንቱ እሁድ አባቴ ሲደውል ከእኔ ጋር ሁለት ደቂቃ ያወራና "እስቲ ያንን ጊዮርጊሱን አገናኘኝ" ይላል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ይሰዳደባሉ። እሱ ከቤተሰቡ ጋር ከተቆራረጠ ቆይቷል፤ ወንድሙ ነገሩን ሰምቶ "ከዛሬ ጀምሮ ሞተሃል" ብሎታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በሳምንት አንዴ ስሙን የሚጠራው አንድ አባት የእኔ አባት ነበር። እና እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስቡት፤ አንድ ሰው ለደባሉ አባት ስንት እንባ ይፈቀድለታል? ትንሽ ቢያለቅስ ደግ ልጅ ነው። ብዙ ቢያለቅስ ሰው ይተያያል። እሱ ያንን ልክ ሦስት ቀን ሙሉ በቡና ስኒ ሲሰፍር ነበር።

ከዚያ በኋላ የወደቀው እሱ ነው። እኔ አለቀስኩ፣ ሰው አቀፈኝ፣ ንፍሮ በላሁ፣ ሠልስቱ ወጣ፣ ቀስ እያልኩ ተነሳሁ። እሱ ግን ምግብ ተወ። ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ አማዞን እንኳ ቢሆን። የእኔ ስልክ ሲጠራ ፊቱ ይለዋወጣል። እኛም መጣላት ጀመርን፤ በጨው፣ በካልሲ፣ ማን መኪናውን በረዶ ላይ አቆመ በሚል። አንድ ማታ "ደግሞ አባት የሞተብኝ እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም!" አልኩት። ዝም አለ። ተነስቶ ሄዶ እዚያኛው አልጋ ላይ ተኛ። በጠብ ምክንያት አንዳችን እዚያ ስንተኛ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሐኪም ጋ የሄደው ለጨጓራ ነው። ሐበሻ ወንድ ድብርት አይዘውም፣ ጨጓራውን ነው የሚያመው። በኢንዶስኮፒ አዩት፣ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ሆኖ ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀውና ወደ ቴራፒስት ላከው። አማርኛ የሚችል ፈልጉለት አልኩ። እሱ እምቢ አለ፤ በዚህ ከተማ አማርኛ የሚችል ሁሉ የሆነ ሰው ዘመድ ነው። አስተርጓሚም እምቢ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ። እና "ሆድ ባሰኝ"ን እንዴት አድርገህ በእንግሊዝኛ ትላለህ? ቃል በቃል ብሎታል። ሴትዮዋ "ሕመሙ ከበላህ በኋላ ነው የሚብሰው?" አለችው። ያን ቀን ማታ ይሄን ሲነግረኝ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን።

በአራተኛው ቀጠሮ ሁለታችንንም ጠራችን። እኔ አጅቤው ነው የሄድኩት፣ ምንም የለብኝማ! እሷ ግን አንድ ነገር አስረዳችን፣ ከዚያ በኋላ እኔም ቤት ገብቼ ያገኘሁትን አነበብኩ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ኢላን ማየር የሚባል ተመራማሪ በ1995 ኒውዮርክ ውስጥ 741 ጌይ ወንዶችን አጥንቶ ጫናውን በሦስት ከፈለው። አንዱ በእርግጥ የደረሰብህ ነገር ነው፤ ዱላ፣ ስድብ፣ ከሥራ መባረር። ሁለተኛው ይደርስብኛል ብለህ የምትጠብቀው። ሦስተኛው ስለ ራስህ ሰምተህ ያመንከው ክፉ ነገር። ሦስቱም ለየብቻቸው ሰውየውን ይጎዱታል። በ2003 ደግሞ መደበቁን ራሱን እንደ አራተኛ ጫና ቆጠረው።

እኛ ላይ ማንም እጁን አንስቶ አያውቅም። አሜሪካ ከመጣን ፊት ለፊት የሰደበንም የለም። ስለዚህ "መገለል" ሲባል የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለን ነበር። ለካ እኛ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የምንኖረው። መጠበቁ። አልጋ ማበላሸቱ። ማንም ሳያባርረን በየቀኑ ለመባረር ተዘጋጅተን ማደራችን።

"ሜሪላንድ ተቀምጣችሁ ምን ያስፈራችኋል?" የሚል ሰው ይኖራል። ልክ ነው፣ እንደ እኛ ያለውን ሰው የሚያስቀጣው የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 እዚህ አይደርስም። ግን ስልክ ይደርሳል። በ2023 ነሐሴ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እወስዳለሁ፣ ሕዝቡም ጥቆማ ይስጥ ሲል፣ በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ "እዩት" ይባል ነበር። እኛ ቤት ያን ሳምንት ማንም ሥራ በአግባቡ አልሠራም። አብረን የተነሳነውን ፎቶ አንድ በአንድ አጠፋን። የላይቤሪያን ምግብ ቤት፣ የባሕር ዳርቻውን፣ የልደቱን። የፍርድ ቤቱ ፎቶ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እጃችን አልንቀሳቀስ አለ፤ እሱ በኢሜይል ለራሱ ልኮ ከስልኩ አጠፋው።

ወደ ቴራፒስቷ ልመለስ። እኔን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። አለን ለብላንክና ዴቪድ ፍሮስት የሚባሉ ሰዎች ደግሞ ጫናው የግለሰብ ብቻ አይደለም፣ የጥንዱም ነው ይላሉ። ማለትም አንተም እሱም ለየብቻ ከምትሸከሙት ሌላ፣ "እናንተ" የሚባለው ነገር ራሱ የሚሸከመው አለ። ትዳራችሁ እንደ ትዳር አለመቆጠሩ ለምሳሌ። ደግሞ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛመታል። ለእናቴ አልነግርም ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ የውሳኔው ዕዳ ግን እሱ ላይ ነው የዋለው። ወንድሙ "ሞተሃል" ያለው እሱን ነው፤ ስልክ በጠራ ቁጥር የምደነግጠው ግን እኔም ሆኛለሁ። በጨው የምንጣላው በጨው አልነበረም ማለት ነው። (ጨውም ግን ያበዛል። ይሄ ይመዝገብልኝ።)

እዚህ ላይ የሚመጣውን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ "አያችሁ፣ ተጨንቀው የሚኖሩት ነገሩ ራሱ በሽታ ስለሆነ ነው"። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ነው፤ እሱን እንለፈው። እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሲፈቀድ፣ አንድ ክሊኒክ የሚታከሙ 1,211 ወንዶች ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በነበረውና በኋላው አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ሐኪም ጋ እንደሄዱ ተነጻጸረ። ለሰውነትም ለአእምሮም ሕክምና የሚመላለሱት ቀነሰ። ፍቅረኛ ያለው ብቻ መሰላችሁ? ብቻውን የሚኖረውም እኩል። ሰዎቹ አልተቀየሩም፣ ያው ናቸው። የተቀየረው ውጭ ያለው ነገር ነው። በሽታው ከውስጣቸው የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ላይ የተጻፈ ሕግ ምን ያደርግለታል?

ዴንማርክ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ በ1989 ነው ጥንዶችን መመዝገብ የጀመረችው። የመጀመሪያዎቹ አክሴልና አይጊል የሚባሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ 40 ዓመት ያህል አብረው ኖረው ነው ያገቡት። ከዚያ በፊት ሁለቱን ስማቸውን ገጣጥመው "አክስጊል" የሚል አንድ የቤተሰብ ስም ፈጥረው ነበር፤ ማንም ስም ሳይሰጣቸው ራሳቸው ሰጡ። በዴንማርክና በስዊድን በተመሳሳይ ፆታ ትዳር ያሉ ሰዎች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን እስከ 2002 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር በ2003 እና 2016 መሀል 46 በመቶ ወርዷል። ሆኖም አሁንም ከሌሎች ባለትዳሮች ከፍ ያለ ነው። ሕግ ብቻውን ሁሉን አይጨርስም ማለት ነው፤ እኛም እኮ ሕጉ አለን፣ አልጋው ግን እንደተነጠፈ ነው። እያነበበ ያለና ሐሳቡ ወደዚያ የሚሄድበት ሰው ካለ፣ አሜሪካ ውስጥ 988 መደወልም መጻፍም ይቻላል። ስም መናገር ግዴታ አይደለም ብዬ ነው እሱን ያሳመንኩት፣ አንድ ሌሊት ደውሏል።

አሁን ስለ ኤርፖርቱ። ኡበር ስሠራ ባልቲሞር ኤርፖርት እመላለሳለሁ። በ2013 ሐምሌ እዚያ አስፋልት ላይ አንዲት ትንሽ የሕክምና አውሮፕላን ከኦሃዮ መጥታ ቆማ ነበር። ውስጧ ጆን አርተር የሚባል ሰው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ጡንቻን የሚያዳክም የማይድን የነርቭ በሽታ ይዞት ነበር። አብሮት ጂም ኦበርገፌል። የእነሱ ግዛት አያጋባም፣ ሜሪላንድ ግን ከዚያ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ታጋባለች። የጆን አክስት እዚያው አውሮፕላኗ ውስጥ አጋባቻቸው፣ ተመልሰው ሄዱ። ከሦስት ወር በኋላ ጆን ሞተ። ጂም የተሟገተው ስለ ገንዘብ አልነበረም፤ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ "ባለቤት" የሚለው ቦታ የእኔ ስም ይጻፍ ነው ያለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ሰኔ 5 ለ4 ፈረደለት፣ በዚያው ጋብቻው ለመላ አሜሪካ ሆነ። እኔ ይሄን ታሪክ እንደ ፖለቲካ ነበር የማውቀው። አባቴ ከሞተ በኋላ ሳስበው ግን ሰውየው የጠየቀው ሐዘንተኛ ተብዬ ልቆጠር ነው። ለቅሶ ልቀመጥ ነው ያለው። ሐበሻ ይሄን የማይገባው ከሆነ ማን ይገባዋል?

እና እኛም አንድ ነገር አደረግን። የቴራፒስቷ ሐሳብ አይደለም፣ የአንድ ወዳጃችን ነው፣ እሱም ዜጋ ነው። "ልጁ ለቅሶ አልተቀመጠማ!" አለ። አንድ ቅዳሜ አራት ሆነው መጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ ነጠላ ዘቅዝቀው። እኔ ነኝ ቡና ያፈላሁት፣ እሱ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ። "እግዜር ያጽናህ" ሲሉት እኔን አይደለም ያዩት። ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰ አልጽፈውም። ጎረቤት በሩን አንኳኳ፣ ሰው የተመታ መስሎት። ስለ አልጋው የነገረኝም ያን ማታ ነው፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ስኒ እያጠበ።

ዳነ አልልም። መድኃኒት ይወስዳል፣ ሴትዮዋ ጋ በሁለት ሳምንት አንዴ ይሄዳል። እኔም የራሴን ይዣለሁ፣ ምንም የሌለብኝ ሰውዬ። ይበላል አሁን። ጊዮርጊስ ሲያሸንፍ ማንንም ሳይደውል ብቻውን ይጨፍራል፤ ሲሸነፍ ስልኩን ያያል።

እናቴ ቪዛ አግኝታለች። በጥቅምት ትመጣለች፣ ለሦስት ወር። ሁለተኛው ክፍል ለእሷ ይሆናል፣ ሌላ ክፍል የለንማ። ላለፉት ሁለት ሳምንታት እኛ ቤት የሚወራው ይሄ ነው፤ እሱ ሶፋ ላይ እተኛለሁ ይላል፣ እኔ ሦስት ወር ሶፋ ላይ ወገብህ አይኖርም እላለሁ፣ እሱ ታዲያ ምን ይሁን ይላል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ሽቶውን ከኮሜዲኖው አንስቶ ወደ እኛ ክፍል አምጥቶታል። የክረምት ልብሱ ገና ነው።

ትናንት በቪዲዮ ደወለች። በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው ተዘጋጅቷል፣ ለእሱም በሶ ለብቻ ቋጥራለታለች። ቤቱን አሳየኝ አለችኝ፣ አሳየኋት። ክፍሏን አየች፣ መስኮቱን ወደደችው። ከዚያ ስልኩን ጠጋ አድርጋ "ታዲያ እኔ እዚህ ከተኛሁ ያ ልጅ የት ሊተኛ ነው?" አለችኝ።

ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኳት። ኔትወርኩ ደህና ነበር።